ችግኙ አድጓል፣ ብርሃኑ ግን ያው ነው

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው፦ «ፔቱኒያ ከዘር አበቀልኩ። ቡቃያዎቹ በሳምንት ውስጥ ስልል ብለው ረዘሙና ወደቁ። የተረፉትን ፀሐይ ያግኙ ብዬ ባወጣቸው ቅጠላቸው ነጣ። ጄራኒየሜ ደግሞ ቅጠሉ ያምራል፣ ግን ስድስት ወር ሙሉ አንድ አበባ አላሳየኝም። ፖይንሴቲያዬም አልቀላም አለች። ሁሉም የሚውሉት አንድ መስኮት ላይ ነው። ብርሃኑ በዛባቸው ወይስ አነሳቸው?»

ሁለቱም ነው እህቴ። ለቡቃያዎቹ አንሷል። ውጭ ለወጡት በዝቷል። ለጄራኒየሙ አንሷል። ለፖይንሴቲያዋ ያነሰው ግን ብርሃን ሳይሆን ጨለማ ነው! አራት ችግር፣ አንድ መስኮት። የተክል እጅ የለሽም ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ስድስት ወር ቅጠሉ የሚያምር ጄራኒየም ያቆየ ሰው ውሃውን ያውቅበታል። የጎደለሽ አንድ ነገር ነው፦ ተክሉ ባደገ ቁጥር ብርሃኑንም አብሮ መለወጥ።

ነገሩ ወዲህ ነው። «ብርሃን» ስንል ስለ አንድ ነገር የምናወራ ይመስለናል። ተክል ግን ሦስት ነገር ነው የሚቆጥረው። ብርሃኑ ምን ያህል ብርቱ ነው? በቀን ስንት ሰዓት ቆየ? ሌሊቱስ ሳይቋረጥ ስንት ሰዓት ጨለመ? ከዘር እስከ አበባ ባለው መንገድ የሦስቱም ልክ ይለዋወጣል፤ ለዚህ ነው «ይህ ተክል ብርሃን ይወዳል» የሚለው የፖት ላይ ወረቀት ግማሽ መረጃ የሚሆነው። መቼ ነው የሚወደው? ስንት?

መጀመሪያ ግን ዓይንሽን አትመኚው። ዓይን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብሌናችን ሲጨልም ይሰፋል፣ ሲበራ ይጠባል፣ አእምሯችንም ያስተካክለዋል፤ ስለዚህ የቤቱ መሀልና የመስኮቱ አፍ ያን ያህል የሚራራቁ አይመስሉንም። ቁጥሩን ስታዪ ግን ትደነግጫለሽ። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር 100,000 ሉክስ ገደማ አለ (ሉክስ ዓይን የሚያየው ብርሃን ብርታት መለኪያ ነው)። በደመናማ ቀን ውጭ ከ10,000 እስከ 20,000 ሉክስ ይገኛል። ማታ አምፖል አብርተሽ «ብርሃን ሞላ» የምትይው ሳሎን ግን ብዙ ጊዜ ከ300 ሉክስ አያልፍም። ቀን ላይም ቢሆን ከመስኮት አንድና ሁለት ሜትር ስትርቂ ብርሃኑ ወደ ጥቂት መቶ ሉክስ ሊወርድ ይችላል። ለእኛ ጋዜጣ ለማንበብ ይበቃል። ለፔቱኒያ ረሃብ ነው።

ስልክሽ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫኚ። ልክነቱ ፍጹም አይደለም፣ ግን ይህ ቦታ ከዚያ ቦታ በስንት እጥፍ ይበልጣል ለሚለው ጥሩ ነው። አለካኩም እንዲህ ነው፦ ስልኩን ቅጠሉ ባለበት ከፍታ ያዢው፣ የብርሃን ማንበቢያውን ብርሃኑ ወደሚመጣበት አዙሪው፣ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት በኋላ ለኪ። አፕ ካልፈለግሽ እጅሽ አለ። ነጭ ወረቀት ተክሉ ቦታ ላይ አስቀምጪና እጅሽን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጊው። ጣቶችሽ አንድ በአንድ ጠርዛቸው ተለይቶ ጥላቸው ከወደቀ ብርሃኑ ብርቱ ነው። የእጅ ቅርጽ ሆኖ ጠርዙ ከደበዘዘ መካከለኛ ነው። እጅ ይሁን ማንኪያ የማይለይ ጭጋግ ነገር ብቻ ካየሽ፣ እዚያ ቦታ ዘር አትዝሪ።

አሁን አንዲት ስሌት ልስጥሽ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ይቀልልሻል። የተክል ብርሃን እንደ ቀን ሥራ ክፍያ ነው፦ የሰዓቱ ዋጋ ሲባዛ በሠራሽው ሰዓት። የሰዓቱን ዋጋ ባለሙያዎች በማይክሮሞል ይለኩታል፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ለተክል የሚጠቅመው ብርሃን። የፀሐይ ብርሃን ከሆነ ሉክሱን ለ54 አካፍዪው፣ ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ለ70 ገደማ። ያንን ብርሃን በሚያገኝበት ሰዓት አባዢ፣ ከዚያ በ0.0036 አባዢ። የሚመጣው የቀኑ ድምር ነው፣ በሞል።

በጄራኒየምሽ እንሞክረው። መስኮትሽ 4,000 ሉክስ ለ10 ሰዓት ያገኛል እንበል። 4,000 ለ54 ሲካፈል 74፤ በ10 ሰዓትና በ0.0036 ሲባዛ 2.7 ሞል ገደማ። ጄራኒየም በደንብ ለማበብ ደግሞ በቀን 10 ሞልና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አየሽው? ከሚያስፈልገው ሩቡን ነው እየበላ ያለው። በሕይወት ያቆየዋል፣ ቅጠልም ያወጣል፣ ግን ለአበባ የሚተርፍ ስንቅ የለውም። መፍትሔውም ያው ስሌት ውስጥ አለ። ይኸው ተክል ጠዋት ሦስት ሰዓት ብቻ 40,000 ሉክስ የሆነ ቀጥታ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ከሦስቱ ሰዓት ብቻ 8 ሞል ይሰበስባል፤ የቀረውን ሰባት ሰዓት እንደ በፊቱ ቢውል ድምሩ 10 ገደማ ይገባል። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ናት ልዩነቷ። ማዳበሪያ አይደለም። እንዲያውም ብርሃን ባነሰው ተክል ላይ ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ብትጨምሪበት ሌላ ቅጠል ነው የምታተርፊው።

ወደ ዘሩ እንመለስ፣ ታሪኩ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

ዘር ሲበቅል ብርሃኑን የሚፈልገው ለምግብ አይደለም፣ ምግቡን ይዞት መጥቷል። ለምልክት ነው። እንደ ፔቱኒያ፣ ቤጎንያና አንቲራይነም ያሉ አቧራ የሚያክሉ ዘሮች ጥልቅ ከተቀበሩ ስንቃቸው አፈሩን ሰብሮ ለመውጣት ስለማይበቃቸው ብርሃን እስኪነካቸው ይጠብቃሉ። ስለዚህ እነዚህን አፈር ላይ በትነሽ ተጫኚያቸው፣ አትቅበሪያቸው። ቨርቤናና ካሌንዱላን ግን አፈር አልብሺያቸው፣ ጨለማ ይሻላቸዋል። ይህ የምልክት ነገር እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ቤልትስቪል ውስጥ በሰላጣ ዘር ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። ዘሩ ቀይ ብርሃን ሲበራበት ይበቅላል። ወዲያው ከቀይ ማዶ ያለው፣ ለዓይናችን እምብዛም የማይታየው ብርሃን ሲበራበት ትዕዛዙ ይሰረዛል። እየቀያየሩ ደጋግመው ቢያበሩበትም የሚወስነው መጨረሻ ላይ የበራው ነው። ይህን የሚያነበው በተክሉ ውስጥ ያለ ፋይቶክሮም የሚባል ነገር ነው። ስሙን ያዢው፣ ተመልሶ ይመጣል።

ቡቃያው አፈሩን በሰበረበት ቀን ግን ጨዋታው ይለወጣል። በዚያው ቀን ነው የምልሽ፣ በማግስቱ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ የዘር ሳጥኑን በላስቲክ ሸፍኖ ሞቅ ያለ ጥግ ያስቀምጠውና «ትንሽ ጠንከር ይበሉ» ብሎ ሦስት ቀን ይተዋቸዋል። ቡቃያ ብርሃን ካነሰው አይጠነክርም፣ ይመዘዛል። ያቺን ከእናት ዘሩ የያዛትን ስንቅ በሙሉ ቁመት ላይ ነው የሚያፈሳት፤ «ከላይ የሆነ ቦታ ብርሃን አለ፣ ልድረስበት» ነው ነገሩ። አንዱን ነቅለሽ ጥፍርሽ አጠገብ ያዢው። ጤነኛ የፔቱኒያ ቡቃያ ከአፈሩ እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ያለው ርቀት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ቅጠሎቹ አፈሩን ሊነኩ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ያንቺዎቹ ያ ክፍል እንደ ስፌት ክር ቀጥኖ፣ ነጣ ብሎ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተቀልብሶ ነው የሚሆነው። ይህ መቀልበስም የራሱ ታሪክ አለው። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተሙት ሥራ የሣር ቡቃያ ጫፍ ላይ ብርሃን የማያስገባ ቆብ አጠለቁበትና ቡቃያው ወደ ብርሃን መታጠፉን አቆመ። ብርሃኑን የምታየው ጫፏ፣ የሚታጠፈው ከሷ በታች ያለው ነው። አንቺ መስኮት ላይ የምታዪው ቡቃያ ሁሉ ያንን ሙከራ ይደግምልሻል።

ለዚህ ዕድሜ የምሰጥሽ ልክ ከ100 እስከ 200 ማይክሮሞል ለ14 እስከ 16 ሰዓት ነው። ለምሳሌ 150 ለ16 ሰዓት ብትሰጫቸው 8.6 ሞል ይሆናል፣ ለጥሩ ችግኝ የሚበቃ። ከመስኮት ይህን ማግኘት ይከብዳል፣ ስለዚህ መብራት ግዢ። ሐምራዊው «የተክል መብራት» ግዴታ አይደለም፣ ተራ ነጭ ኤልኢዲ ይሠራል፤ ዓይንሽንም አያደክምሽ፣ የቅጠሉንም እውነተኛ ቀለም ያሳይሻል። ቁም ነገሩ ርቀቱ ነው። ጠንካራ ኤልኢዲ ከሆነ ከችግኙ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ድረስ አቅርቢው፤ ችግኙ ሲያድግ መብራቱም አብሮ ከፍ ይበል። ትንሽ አምፖል ርቀቱን እጥፍ ስታደርጊው ብርሃኑ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ወደ ግማሽ አይደለም፣ ወደ ሩብ! ጣሪያ ላይ ያለ አምፖል ለችግኝ ምንም የማይፈይደው ለዚህ ነው። ታይመርም ግዢ፣ በእጅ ሲሆን መርሳት አይቀርም።

መብራቱን አስተካክለሽም ከተመዘዙ ሁለት ነገር እዪ። አንደኛው ሙቀት ነው። ፔቱኒያ ለመብቀል ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወዳል፣ ከበቀለ በኋላ ግን ወደ 18 አካባቢ ብታወርጂለት ነው አጭርና ወፍራም የሚሆንልሽ። ሙቀት ከፍ ብሎ ብርሃን ሲያንስ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ሙቀቱ «እደግ» ይለዋል፣ ብርሃኑ «በምን?» ይለዋል። ሁለተኛው መጨናነቅ ነው፣ እዚህ ላይ ያ ፋይቶክሮም ይመለሳል። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ ከቀይ ማዶ ያለውን ያሳልፈዋል፣ ያንጸባርቀዋልም። ችግኙ ይህን ብርሃን ከጎኑ ሲያገኝ «ጎረቤት መጣ» ብሎ ጥላ ሳያርፍበት በፊት መርዘም ይጀምራል። እናም በቂ መብራት ሥር እንኳ ቢሆን የተጨናነቀ ችግኝ ይመዘዛል። ሁለት ሁለት እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች በኋላ የሚመጡትን) ሲያወጡ ለያዪያቸው። ማሳሳት አንጀቴ አልችል አለ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ገባኝ፣ ግን 12 ጠንካራ ችግኝ ከ60 ክር ይሻላል።

ከዘር ሳይሆን ከቁራጭ ግንድ የምታራቢ ከሆነ ሕጉ ይገለበጣል። ቁራጩ ሥር የለውም፣ ውሃ መሳብ አይችልም፣ ቅጠሉ ግን ውሃ ያስወጣል። ብርቱ ብርሃን ስትሰጪው በጥቂት ሰዓት ይጠወልጋል። ስለዚህ ሥር እስኪያወጣ በቀን 5 ሞል ገደማ፣ የተበተነ ብርሃን፣ እርጥብ አየር። ቀስ ብለሽ ስትስቢው እምቢ ካለሽ ሥር ይዟል፤ ያኔ ወደ 8 እና 10 ከፍ አድርጊለት። ሙሉ ጨለማም አይሆንም ታዲያ፣ ሥር የሚሠራው ቅጠሉ ከሚያዘጋጀው ስኳር ነው።

አሁን ወደ ነጡት እንሂድ። ያን ቀን ያደረግሽው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በጣም ትንሽ ብርሃን የለመደን ችግኝ በአንድ ጠዋት ወደ 100,000 ሉክስ ወረወርሽው። አትሸማቀቂ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ችግኝ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩ ጊዜ አንድ ሙሉ ትሪ ከጥላ መረብ ሥር አውጥቼ ለምሳ ሄድኩ። ስመለስ የላይኛው ቅጠል ሁሉ ብር መስሏል። መጀመሪያ አቧራ ነው ብዬ በጣቴ ጠረግኩት። አቧራ አልነበረም። በማግስቱ ያ ብርማ ነገር ቡናማ ሆነ፣ ሲነኩት እንደ ስስ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከበሽታ የምትለዪውም በዚህ ነው፦ የፀሐይ ቃጠሎ ወደ ሰማይ የዞረው ቅጠል ላይ ይወጣል፣ በሌላ ቅጠል የተከለለው ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ከቀን ወደ ቀንም አይስፋፋም።

ለምን ሆነ? ቅጠል ሲሠራ ለሚሠራበት ብርሃን ተለክቶ ነው የሚሠራው። ጥላ ውስጥ የተሠራው ስስና ሰፊ ነው፣ የተገኘችውን ሁሉ ለመሰብሰብ። ፀሐይ ላይ የተሠራው ጠበብ ያለና ወፍራም ነው። አንዴ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስሱ ቅጠል ወፍራም አይሆንም፣ መላመድ ቢችልም እስከ ልኩ ነው። በዚያ ላይ መስታወት ከአልትራቫዮሌት ጨረሩ ቆዳ የሚያቃጥለውን ክፍል አብዛኛውን ስለሚያስቀር ቤት ያደገ ቅጠል መከላከያውን አልሠራም። ፀሐዩን በደንብ የሚችለው ከወጣ በኋላ የሚያበቅለው አዲሱ ቅጠል ነው። መውጣት ያለበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ የሆነው ለዚህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ ብቻ፣ ውጭ። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ አንድ ሰዓት። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሰዓት ጨምሪ። የቀትርን ፀሐይ መጨረሻ ላይ። ደመናማ ቀን ከሆነ መጀመሪያውን በዚያ ቀን አድርጊው። 50 በመቶ የሚከልል ጥላ መረብ ካለሽ ሥራው ይቀላል፣ ስስ ነጭ መጋረጃም ያግዛል። ብርሃን ሲጨምር ውሃም እንደሚጨምር አትርሺ፣ ጠዋት ሳታጠጪ አታውጪ።

በተቃራኒው ከፀሐይ ወደ ቤት መግባትም ድንጋጤ ነው፣ ይህን ሰው አያስበውም። ፋይከስ ገዝተው ሳሎን ሲያስገቡት በሁለት ሳምንት ቅጠሉን ምንጣፍ ላይ የሚያራግፈው ለዚህ ነው። ያ ቅጠል ለፀሐይ የተሠራ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ከሚያስገባው የሚያወጣው ይበልጥበታል፣ ተክሉም ያሰናብተዋል። ጥሩ አምራቾች ከመሸጣቸው በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ጥላ ያለማምዱታል። ያልተለማመደ ከገጠመሽ መጀመሪያ ብሩህ መስኮት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ። ቅጠል ሲያራግፍ ደግሞ ውሃ አታብዢበት፣ ሥሩን ታበሰብሺዋለሽ።

ችግኝ ካለፈ በኋላ ያለው የማደጊያ ጊዜ ላይ ብዙ አልልሽም፣ ቀላሉ ጊዜ ነው። ፔቱኒያና መሰሎቹ በቀን ከ10 እስከ 12 ሞል ካገኙ ይመቻቸዋል። ፖቱን በየሳምንቱ ሩብ ዙር አዙሪው። ቅጠሉ ላይ ያለውን አቧራ ጥረጊ፣ መስታወቱንም፤ ቆሻሻ መስታወት ሳታውቂ ብርሃን ይሰርቅሻል። ተክሉ ራሱም ይናገራል። የሁለት ቅጠል መሃከል እየራቀ ከመጣ፣ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው እያነሰ ከሄደ፣ ክሮተኑ ቀለሙን ከጣለ፣ ርቦታል። ኦርኪድ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ለዓይን ያምራል እንጂ የማያብብ ኦርኪድ ቅጠል ነው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈካ ያለ አረንጓዴ ሲሆን ልኩን አግኝቷል። ቢራቢሮ የሚመስለው ኦርኪድና የአፍሪካ ቫዮሌት 10,000 ሉክስ አካባቢ ሲሆን ደስ ይላቸዋል፣ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ ግን አይሆንላቸውም።

አበባ ላይ ስንደርስ «ስንት ሰዓት?» የሚለው ከ«ምን ያህል ብርቱ?» እኩል ይሆናል። ጄራኒየም ለቀን ርዝመት ግድ የለውም፣ ድምሩን ብቻ ስጪው። ፔቱኒያ ግን ረጅም ቀን ይወዳል። ቀኑ አጭር ሲሆን ከሥሩ ቅርንጫፍ እያበዛ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ከ13 ሰዓት በላይ ሲሆን ሽቅብ ይነሳና ያብባል። ከምድር ወገብ አጠገብ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን ከ8 እስከ 16 ሰዓት ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ያው የፔቱኒያ ዘር በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ጸባይ ያሳያል። አንዳንዱ ተንጠልጣይ ዓይነት ቀኑ ካልረዘመለት ጭራሽ እምቢ ይላል። መብራቱን ማታ ጥቂት ሰዓት በማስረዘም ይፈታል፣ ለዚህ ብርቱ ብርሃን አያስፈልግም።

ፖይንሴቲያሽ የዚህ ተቃራኒ ናት። የምታብበውና ላይኛው ቅጠሏ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ይህን ነገር ያወጡት ጋርነርና አላርድ የሚባሉ የአሜሪካ ግብርና ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1920። ቀኑ በሚረዝምበት በጋቸው ሙሉ ሳያብብ ቁመቱን ብቻ የሚጨምር የትምባሆ ዓይነት ነበራቸው። በበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት እያስገቡ ቀኑን ሲያሳጥሩበት አበበ። በኋላ ደግሞ ተክሉ የሚቆጥረው ቀኑን ሳይሆን ሌሊቱን እንደሆነ ታወቀ፤ በሌሊቱ መሃል ትንሽ ብርሃን ቢበራ አንዱ ረጅም ሌሊት ሁለት አጭር ሌሊት ይሆንበታል። የክሪሳንተመም አምራቾች ይህን ለሥራቸው ይጠቀሙበታል። ገና አታብቢ ሊሏት ሲፈልጉ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት 100 ሉክስ የምታህል ደካማ መብራት ያበራሉ። አዎ፣ ያቺ የሳሎንሽን አምፖል የምታህል ብርሃን። አሁን ፖይንሴቲያሽ የት እንደምታድር አስቢ። ማታ ቴሌቪዥን የሚታይበት ክፍል? የመንገድ መብራት የሚያይ መስኮት? በቃ፣ መልስሽ እሱ ነው።

እንዲህ አድርጊ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ካርቶን ድፊባት፣ ወይም ማታ ማንም የማይከፍተው ቁምሳጥን ውስጥ አስገቢያት። 14 ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት። ጥቂት ሌሊት ብትዘነጊ ያዘገያታል፣ ስለዚህ ስልክሽ ላይ ማንቂያ ሙዪ። ቀን ላይ ደግሞ ያለሽን ብሩህ ቦታ ስጫት፤ ጨለማው ምልክት ነው እንጂ ምግብ አይደለም፣ ቀን የተራበች ፖይንሴቲያ ብትቀላም ቅጠሏ የከሳ ነው የሚሆነው። ካላንቾም በዚሁ መንገድ ነው፣ እሱ ስድስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል።

እምቡጡ ከወጣ በኋላ ነገር አትለዋውጪ። የመስኮት ለውጥ፣ ድንገተኛ ጥላ፣ ፖቱን ማዞር፣ እነዚህ ሁሉ እምቡጥ ያራግፋሉ። ኦርኪድ እምቡጥ ይዞ ስታዞሪው ግንዱ ይጠማዘዛል። ያ የሩብ ዙሩ ምክሬ እዚህ ጋ ያቆማል። አበባው ከፈካ በኋላ ግን ተበትኖ የሚመጣ ብርሃንና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ዕድሜውን ያረዝምለታል፣ ለእንግዳ ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጪው ከሆነ ጊዜው ያኔ ነው።

መስኮትሽ ወዴት እንደሚዞር አልነገርሽኝም። ከምድር ወገብ አጠገብ ከሆንሽ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም በመስኮት እምብዛም አትገባም፤ ብርሃን የሚገኘው ከምሥራቅና ከምዕራብ መስኮት ነው። ወደ ሰሜን ርቀሽ ከሆነ ደቡብ የሚያየው መስኮት፣ ወደ ደቡብ ርቀሽ ከሆነ ሰሜን የሚያየው ይሻላል። ያም ቢሆን ወቅት ሲለወጥ ፀሐይ መንገዷን ስለምትቀይር በየሦስት ወሩ እንደገና ለኪ። ብርሃኑ በቀነሰ ወቅት ውሃውንም ማዳበሪያውንም ቀንሺ።

ለዚህ ሳምንት የምትሠሪው ይህን ነው። ጄራኒየሙን ነገ ጥላ ያለበት ውጭ አውጪው፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት ወደ ሦስት ሰዓት የጠዋት ፀሐይ አድርሺው። ጫፎቹን ቁረጪ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በታች ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ውጭ መሆን ካልቻለ ኤልኢዲ ሥር ከችግኞቹ ጋር ይግባ።

ከወደቁት ቡቃያዎች ገና አረንጓዴ የሆኑት ካሉ ወደ ሌላ አፈር ስታዛውሪያቸው እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎቻቸው ድረስ አስገቢያቸው፣ ቅጠሉ ግን አይቀበር፤ መብራቱንም አቅርቢላቸው። ግንዳቸው አፈር አጠገብ ጠቁሮ የሟሸሹት ግን በሻጋታ የተጠቁ ናቸው፣ እነሱን ከነአፈራቸው ጣዪ።

የነጡትን ደግሞ ወደ ጥላ መልሺ እንጂ አትንቀያቸው። መሃላቸውን አጎንብሰሽ እዪ። ሩዝ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ካለች በሕይወት ናቸው። የተቃጠለው ቅጠል አያገግምም፣ ነገር ግን አረንጓዴ የቀረው ክፍሉ ይሠራል፤ አዲስ አራት ቅጠል እስኪወጣ አትቁረጪው። ሲወጣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ወደ ፀሐይ የምንመልሰው በዚያ ቅጠል ውፍረት ነው።